ሲሸነፍ የሚጠፋ

«አፍሽ ክፉ ነው፤ ዓይንሽ ግን ጥሩ ነው» አለኝ። ገና ቁጭ በይ እንኳ ሳይለኝ ነው።

ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር አባቱ ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ክፍል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። የሚያውቀኝ በላክሁለት መልእክት ነው። የስልክ ገበጣ ሠርቶ ነበር፤ ጌሙ ውስጥ «አስተያየትዎን ይጻፉ» የሚል ቦታ አለ። እኔም ጻፍኩ። ጌምህ የሌቦች መሰብሰቢያ ነው፣ አንተም ወይ አታውቅም ወይ አውቀህ ዝም ብለሃል አልኩት። ከዚያ ዝቅ ብዬ ሌባው እንዴት እንደሚሰርቅ አስረዳሁት። ስድቡን አልፎ ማስረጃውን አንብቦ ጠራኝ። ይህን ሁልጊዜ አደንቅለታለሁ፤ ብዙ ሰው ስድቡ ላይ ይቀራል።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ፣ ሲቀላ ሰፈር የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥሬ ነበር። ከሱቁ በፊት ጁስ ቤት ነበርኩ፤ ከጁስ ቤቱ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሱቁ ውስጥ ያቆየኝ ገበጣው ነው። ደንበኛ እስኪመጣ እጫወታለሁ፤ ሲመጣም ቀና ሳልል ዋጋ እናገራለሁ።

ጨዋታው ያው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ጉድጓድና ጠጠር። ልዩነቱ ባላጋራህ ሌላ ከተማ መሆኑ ነው። ያሸነፈ የሚወጣበት፣ የተሸነፈ የሚወርድበት የደረጃ ሰሌዳ አለ፤ ስምህና ፎቶህ እዚያ ላይ ለሁሉም ይታያል። ሌብነቱ እንዲህ ነበር። ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠር አንስተህ ትዘራለህ። የመጨረሻዋ ጠጠር ሳታርፍ አካሄዱ ካላማረህ ዳታህን ታጠፋለህ። መልሰህ ስታበራው ጌሙ ጠጠሮቹን ወደነበሩበት መልሶ «ተራዎ ነው» ይልሃል። እንዲህ እያጠፉ እያበሩ ሁሉንም ጉድጓድ ሞክሮ የተሻለውን መምረጥ ይቻላል። ባላጋራህ በዚያ በኩል «ኔትወርክ ተቋርጧል፤ እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ እያየ ይቀመጣል። አርባ ምንጭ ተቀምጦ ኔትወርክ ጠፋ ሲባል የሚጠረጥር ማን አለ? እኔ ጠረጠርኩ። የሚጠፋው ሁልጊዜ እኔ ላሸንፍ ስል ነበር።

«ነገ መጀመር ትችያለሽ?» አለኝ።

ዛሬ አልኩት።

ሥራው ያለቁ ጨዋታዎችን መልሶ ማየት ነው። ጌሙ እያንዳንዱን ጨዋታ፣ ኔትወርክ ሲመለስ የተቋረጠውን ሙከራ ጭምር፣ ያስቀምጣል፤ ከፍቼ ጠጠሮቹ ሲሄዱ አያለሁ፣ አጉል ነገር ካየሁ እነግረዋለሁ። ለተቆጣ ተጫዋች የምመልሰውም እኔ ነበርኩ። ሁለታችን ብቻ ነን። እሱ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሮ የጨረሰ ነው። ወላጆቹ ከሰሜን ለመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። አባቱ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ሌባ ያዛችሁ?» ይሉናል። ያዝን ካልናቸው «የት ነው? አሳዩኝ» ብለው መነጽራቸውን ያወርዳሉ። የሚያዩት ጠጠር ብቻ ነው። «ይሄማ ጨዋታ ነው» ብለው ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው ጠባችን ሥራ በገባሁ ሰሞን ነው። እኔ ቀዳዳውን ድፈነው አልኩ። እሱ ቀዳዳው ከመሠረቱ ነው አለ። ጌሙ ውጤቱን የሚልከው ጠጠሩ ተዘርቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ልኮ ኋላ እንዲዘራ ለማድረግ ግማሹን ቤት ማፍረስ ያስፈልጋል። ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ የሚሰርቁትን እንቅጣ አለ።

«በሩን ከፍተህ ተኝተህ የገባውን ሌባ ትላለህ» አልኩት።

«የገባው ሰው በሩ የሱ አለመሆኑን አያውቅም?»

ዳታውን እያጠፋ የሚያበራ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃል፤ እዚህ ላይ እሱ ልክ ነው። ግን ቀዳዳውን የሠራው ሰው፣ ቀዳዳውን ትቶ የሰው ፊት ሲያይ ቢውል መጨረሻው ምንድነው? ይሄኛው የኔ ጥያቄ ነበር። ሥራው የሱ ስለሆነ ግን የሱ ሐሳብ ጸና።

ደንብ አወጣ። «ሲሸነፍ የሚጠፋ» ብለን ነበር የምንጠራው። እየተሸነፈ ሳለ ኔትወርኩ ደጋግሞ የሚጠፋበትን ሰው ጌሙ ራሱ፣ የሰው እጅ ሳይገባበት፣ ከፎቶው ሥር በቀይ «አጭበርባሪ» ብሎ ይለጥፍበታል። ሰሌዳውን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። ቃሉ አልጣመኝም። አካውንቱን ዝጋው እንጂ ለምን ትሰድበዋለህ አልኩት።

«አንቺ ነሽ ስለ ስድብ የምትመክሪኝ?» አለኝ። ሳቅን፤ ቃሉ ግን ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ሠራ። የሚደውልልኝ ሰው ቀነሰ፣ የሚጠፋ ኔትወርክም ቀነሰ። ከዚያ የሚሰርቁት ልጆች ነቁ። ቀይ የተለጠፈበትን አካውንት ወርውሮ በሌላ ስልክ ቁጥር አዲስ መክፈት ነው። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደውሎ «እህቴ፣ ይሄ ስንተኛዬ እንደሆነ እኔም ረስቻለሁ፤ ባትደክሙ ይሻላል» ብሎኛል። በትህትና ነው ያለው። ቀዩ ቃል ተለጥፎባቸው የቀሩት አካውንት መቀየር የማያውቁ ወይም የማይፈልጉ ብቻ ሆኑ፤ በገዛ ፎቶአቸውና በገዛ ስማቸው የሚጫወቱ ሰዎች። ሌባው ሄዷል፣ የቀረው ስም ያለው ነው ብዬ ነገርኩት። ኮምፒውተሩን እያየ «እሺ» አለ። እሺ ያለው ለኔ አይመስለኝም።

ከቀሩት አንዱ ፎቶው ላይ መወርወሪያ በእጁ የያዘ ሸማኔ ነበር። ዕድሜው የአባቴ ያህል ነው። ከአርባ ምንጭና ከአካባቢው ተጫዋቾች ሁሉ ላይ ቆሞ የነበረ ሰው ነው፤ ቀዩ ሳይለጠፍበት በፊት ጨዋታዎቹን ለብቻዬ ከፍቼ አይ ነበር፤ ለሥራ ሳይሆን ስለሚገርመኝ። አንዴ የተራበ ሰው ወጥ ላይ እንደሚወድቀው ይወድቃል። ቀጥሎ ያለውን ጠጠር ደግሞ አርፎ፣ አስቦ፣ ሩቅ አይቶ ያነሳል። ከዚያ ይቀልዳል፤ ያለ ምክንያት ያልታሰበ ጉድጓድ ይነካል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሦስት አራት ዓይነት ሰው ያለ ይመስላል።

«ይሄ አንድ እጅ አይደለም» አልኩት ጌም ሠሪውን።

«ወይ ብዙ ሰው ነው ወይ ማሽን ነው። ሁለቱም ክልክል ነው።»

አንድ አካውንት ለአንድ ሰው ብቻ የሚል ደንብ እውነትም አለን። ጌሙን ስትጭን ወደ ታች እየተንከባለለ የሚሄደው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ነው። እኔ ራሴ ያነበብኩት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው።

ሸማኔው አልጻፈም፣ አልደወለም። አንድ የገበያ ቀን ራሱ መጣ። ሲቀላ ወርዶ፣ ገበጣውን የሚሠራው ልጅ የት ነው እያለ ጠይቆ፣ በባጃጅ ሴቻ ደረሰ። ብቻውን አልነበረም፤ ጎረቤቱን ይዞ ነው። ጎረቤቱ ምስክር መሆኑን በኋላ ነው የገባኝ። ስልኩ በፌስታል ተጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ ነው።

ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ነህ ጽሑፉን የጻፍከው?» አለኝ። ለሴትም ለወንድም አንተ ቢል አልገረመኝም፤ እናቴም አማርኛ ላይ እንደዚያው ናት፣ ደጋው ላይ ካለችው ኦቾሎ የመጣች ናት። በጋሞኛ መለስኩለት። የማን ልጅ ነሽ አለኝ፤ ነገርኩት፤ እናቴን አወቃት። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ለኔ ሆነ፤ እኔ ለጌም ሠሪው በአማርኛ አደርሳለሁ።

ነገሩ ይሄ ነበር። ኦቾሎ ላይ ሊሾሙት ነው። ሀላቃ ይሉታል፤ አገሩ መርጦ የሚያቆመው፣ ለጊዜው የሁሉም አገልጋይ የሚሆን ሰው ማለት ነው። ሹመቱ የሚጸናው ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎች ክብ በተቀመጡ ድንጋዮች ላይ ተቀምጠው የአገር ነገር በሚያዩበት ሜዳ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ጎረምሶች ስልካቸውን ከፍተው ቀዩን አዩ። ከጎረምሳ ወደ ጎረምሳ፣ ከጎረምሳ ወደ አባት ሄደ። አንድ ቀን ጉባኤው መሐል አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው። ሌብነት በስሙ ላይ ያለ ሰው አይሾምም። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከድንጋዮቹ ውስጥም አይቀመጥም። አሁን የሚቀመጠው ከድንጋዮቹ ውጭ፣ ሣሩ ላይ ነው።

የመጣው ቃሉን አጥፉልኝ ሊል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። የሰረቅሁት ማንን ነው? ስሙን ንገሩኝ፤ የትም ከተማ ይሁን ሽማግሌ ልኬ እታረቃለሁ አለ።

ጌም ሠሪው በጣም ደንግጦ፣ በጣም በትህትና፣ «አባቴ፣ የተጫዋቾችን ማንነት ለሌላ ሰው መስጠት አንችልም» አለው።

ተረጎምኩ። ሸማኔው ጎረቤቱን አየው፣ ከዚያ እኔን። በጋሞኛ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጥፋቱን ሰጣችሁኝ፣ መውጫውን ከለከላችሁኝ እያለህ ነው» አልኩት።

ጌም ሠሪው ጭንቅላቱን አከከ። ሸማኔው ራሱ በአማርኛ፣ «እሺ። ጥፋት አለብኝ» አለ።

«ሰማሽ? አመነ» አለኝ ጌም ሠሪው።

ለሱ ነገሩ እዚያ አለቀ። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፣ እስከ ግቢው በር ሸኛቸው። ክብር አላጎደለባቸውም። ወላጆቹ አሳድገውታል።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በእናቴ እጅ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ደጋ ላይ ሰው ክፉ ሲደርስበት፣ ሲታመም፣ ላም ስትሞትበት፣ ስሙ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚፈትሸው ራሱን ነው። ጎሜ ይሉታል፤ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር አጥፍቻለሁ፣ ያ ነው የመጣብኝ ይላል። ከዚያ ፈልጎ ያገኘውን፣ ትንሽም ይሁን፣ ከክሱ ጋር ይገናኝም አይገናኝም፣ አውጥቶ ይናገራል። እናቴ አንድ ክረምት እግሯን አሟት ለጎረቤት ያልመለሰችውን ወንፊት አስታውሳ ይዛ ሄዳለች። ወንፊት እግር አያሳምምም። እሷ ግን ሄደች።

ከበሩ ውጭ ባጃጅ ሲጠብቁ ደረስኩባቸው። የትኛውን ጥፋት ነው ያመንከው አልኩት። እየሸመንኩ ስጫወት ጎረቤቶቼ ከጎን ሆነው ይሄን አንሳ፣ ያን ተው ይሉኛል አለ። በነሱ ጭንቅላት አሸንፌ፣ ሰው ጎበዝ ሲለኝ ለብቻዬ ተቀብያለሁ። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ይሄን ነው። ጎረቤትየው ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም ከመካሪዎቹ አንዱ ነበር። ዳታ አጥፍተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ለምን አጠፋዋለሁ፣ ራሱ እየጠፋ አስቸግሮኛል አለኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ያመነው ሌላ ነገር ነው አልኩት። ያም ክልክል ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ክልክል ነው። ከዚያ ወዲያ መከራከር ሰለቸኝ።

በማግስቱ ኦቾሎ ሄድኩ። የላንቴን የሙዝ እርሻ ሁሉ አልፌ ከሚኒባሱ ወረድኩና በሞተር ወጣሁ። ሥራ ነው ብዬ አላስፈቀድኩም፤ የሚከለክለኝም አልነበረም። ሸማኔዎቹ አንድ ዳስ ሥር ናቸው፤ እያንዳንዱ እግሩን በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይሠራል። ስልኩ ምሰሶው ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ኔትወርክ የሚመጣው ከታች ካለው ሐይቅ በኩል ስለሆነ እዚያች ምሰሶ ላይ ብቻ ነው የሚያዘው። የሸማኔው ሁለት እጅና ሁለት እግር ሥራ ላይ ነው። የጨዋታ ተራው ሲደርስ የሁሉም አፍ ይከፈታል። «ከዳር አንሳ።» «ዝም በል፣ አንተ ትናንት አስበላኸን።» መጨረሻ ላይ እሱ ጉድጓዱን ይናገራል፣ ክር የቆረጠበት ወይም እጁ ባዶ የሆነ ሰው ተንጠራርቶ ይነካል። ገበጣ ዛፍ ሥር ሲጫወቱም ያው ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ሁሉ ካልጮኸ ጨዋታ አይባልም። ማንም ሰው ብቻውን ገበጣ ሲጫወት አይቼ አላውቅም፣ ከራሴ በቀር።

ቆሜ ሳይ አሸነፉ። በሚያሸንፉበት ጨዋታ መሐል ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኩን ማንም አልነካውም። ነፋስ ነበር፤ ጠበቁ፤ ተመለሰ፤ ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየኝ። ከሰዓት በኋላ ሴቻ ደርሼ ኮምፒውተሩን እንዲለቅልኝ ነገርኩትና ሸማኔው ያሸነፋቸውን ጨዋታዎች ከፈትኩ። ደንባችን የሚያየው ሲሸነፍ የጠፋውን ነው። ሲያሸንፍ የጠፋውን አይቆጥርም። ሸማኔው እየተሸነፈም ይጠፋበታል፣ እያሸነፈም ይጠፋበታል፣ እኩል ለእኩል ሆነውም ይጠፋበታል። ከተመለሰም በኋላ ያንኑ ጉድጓድ ነው የሚያነሳው፤ አይቀይርም። ሌባ ግን ሲያሸንፍ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ሲመለስም ሌላ ጉድጓድ ይነካል።

ጌም ሠሪው ከኋላዬ ቆሞ አየ። ሌላ ክፈቺ አለኝ፤ ከፈትኩ። ሌላ አለኝ። ከዚያ ወንበሬን በእግሩ ገፋ አድርጎ ራሱ ተቀመጠ። ለተወሰነ ጊዜ ከዚያ ወንበር አልተነሳም፤ ምሳውን አባቱ ነበር የሚያመጡለት። «ሌባ ያዛችሁ?» ሲሉት ቀና አላለም።

የፈራውን ቤት አፈረሰው። ጠጠር ሲነሳ ምርጫው ወዲያው ይላካል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚዘራው። አሁን ዳታህን ብታጠፋ ስትመለስ ጠጠሮቹ ተዘርተው ይጠብቁሃል። ሌብነቱ በአንድ ቀን ሞተ። ያ ትሁት ተማሪ ደውሎ «ምነው አበላሻችሁት?» አለኝ። ቀይ ሳንለጥፍ፣ ማንንም ሳንሰድብ ነው የሞተው። ጌም የሚሠራ ሰው ቢጠይቀኝ የምነግረው ይሄን ብቻ ነው፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ቀዩንም ከሁሉም ላይ አነሳ። ምንም ሳይጽፍ፣ ዝም ብሎ። ለሸማኔው ደወልኩለት፤ ጠፍቶልሃል አልኩት። ደስ አላለውም። ቃሉ ሰው ፊት ነው የተነበበው አለኝ። ማንም ሳያይ ከጠፋ፣ ከተማ ወርዶ ሰው ይዞ አስጠፋው ይሉኛል። የጻፈው ሰው መጥቶ ይናገር።

ጌም ሠሪው አልሄድም አለ። ስንፍና አልነበረም። አንዴ ተሳስተናል ካልን ነገ እያንዳንዱ አጭበርባሪ ያን ይዞ ይመጣል፣ ማን ተሳስተን የለጠፍንበት፣ ማን በትክክል የተለጠፈበት እንደሆነ ማስረዳት አንችልም አለ። ካልተናገርክ ደግሞ ሰውየው ሣሩ ላይ ይቀራል አልኩት። ብዙ ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ በስልክ እናገራለሁ አለ፤ አንቺ ድምፁን ከፍተሽ ያዢልኝ።

ዱቡሻው ላይ ለሴት መቀመጫ የለም። መቆም ለኔ አይከብደኝም፤ ከዳር ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ድንጋዮቻቸው ላይ ናቸው። ሸማኔው ውጭ፣ ሣሩ ላይ፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል። ከተማ ያለው ሰው ሊናገር ነው ብዬ ደወልኩ፤ ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

ጌም ሠሪው የጻፈውን ነው ያነበበው፤ ድምፁ ያስታውቃል። ሲስተሙ ላይ ባጋጠመ ችግር ምክንያት በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ ያልተገባ ምልክት ተለጥፎ እንደነበር፣ ችግሩም መቀረፉን ገለጸ። ወደ ጋሞኛ መለስኩት።

ከመሐል ያለው ትልቁ ሽማግሌ አገጩን በዱላው ላይ አሳርፎ ሰማ። «ይሄ ሲስተም የሚሉት የማን ልጅ ነው?» አለ። «አጥፍቶ ከሆነ ለምን ራሱ አልመጣም?»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ሲስተም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሲቀላ ባንክ ሄዶ ሲስተም የለም ተብሎ ስንቴ ተመልሷል። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ አለ፤ የተሳሳተው ማነው?

ጠየቅሁት። በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ ትንፋሹም ጠፋ፤ ስልኩ ተቋርጧል።

«እየተሸነፈ ነበር» አለ አንዱ።

«ቀይ ለጥፉበት» አለ ሌላው። ዱቡሻው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ ነበር። ስልኩን አየሁት፤ የኔ ኔትወርክ ነው የሱ፣ ወይስ ራሱ ዘጋው፣ ማወቅ አይቻልም። መልሼ ደወልኩ፤ አይጠራም።

ትልቁ ሽማግሌ ወደሚቀጥለው ነገር እንሂድ አለ። ሸማኔው ከሣሩ ላይ እጁን አነሳ። ተናገር አሉት።

«እንጠብቀው» አለ። «እዚህ ይጠፋል።»

«ራሱ ዘግቶት ቢሆንስ? ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ግን እዚህ ይጠፋል።»

ተጠበቀ። ማንም አልተነሳም። አንዱ የዘንድሮ በቆሎ እንዴት እንደሆነ አነሳ፣ ሌላው መለሰለት። ስልኩ እጄ ላይ ጠራ።

«እኔ አልዘጋሁትም» አለኝ ገና ሳልናገር። «መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ጠፍቶ ነው፣ እመኚኝ።»

«ሲሸነፍ የጠፋ ብለውሃል» አልኩት።

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም። ሸማኔው ብቻ ነው እንጠብቀው ያለው። ስለሱ ነው የጠበቁህ።»

ጥያቄው ያው ነው አልኩት፤ ድምፁን ከፈትኩት።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። አሁን እያነበበ አልነበረም። «ሲሸነፍ የጠፋውን ቆጠርኩ፤ ሲያሸንፍ የጠፋውን አላየሁም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አላጭበረበሩም።»

ተረጎምኩ። ሽማግሌው ቃሉ በተለጠፈበት ቦታ ይሄንንም ይለጥፋል ወይ በይው አለኝ። ጠየቅሁት። እለጥፈዋለሁ፣ ስማቸውን ጠርቼ እለጥፈዋለሁ አለ።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ሣሩ ዞረ። አንተስ፣ አለው። ሸማኔው ቆመ። የጎረቤቶቹን ምክር ተቀብሎ ምስጋናውን ለብቻው መውሰዱን ተናገረ። ሽማግሌው ጎረቤቶቹን ጠየቀ፤ ቅር ብሏችኋል?

«ሲሸነፍ ግን ጥፋቱን ለኛ ነበር የሚያካፍለው» አለ ያ ሴቻ የመጣው ጎረቤት።

ሽማግሌው ሲስቅ ጥርሱ አለመኖሩን ያን ጊዜ አየሁ። በዱላው ወደ ድንጋዮቹ አመለከተ። ሸማኔው ጋቢውን ሰብስቦ፣ ሣሩን አራግፎ፣ ክቡን ተሻግሮ ገባና ተቀመጠ። በግራና በቀኝ ያሉት ትንሽ ጠጋ ጠጋ አሉለት።

አንዱ ሰው ስለ ውኃ ቦይ መናገር ጀመረ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ሞተሩ ወደ ቆመበት ወረድኩ።